በሽንፋ ሰማይ ላይ የሚያልፈው ድምፅ፤ ስለ አውሮፕላን ራዲዮና ስለ ፍሪኩዌንሲ ሲንተሳይዘር ታሪክ



ስለ መተማና ስለ አካባቢዋ ቆላ የተጻፈው ታሪክ አብዛኛው የጦር ታሪክ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ያረፉት በዚያ ነው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ጋላባትንና መተማን ከኢጣልያኖች ለማስለቀቅ ውጊያ የገጠሙትም በዚያው ነው። ስለዚህ የአገሩ ስም በተጠራ ቍጥር ጆሯችን የነጋሪትና የመድፍ ድምፅ መስማት ለምዷል። እኔ ግን ዛሬ ከዚያ ቆላ በላይ ስለሚያልፍ ሌላ ድምፅ ልነግራችሁ አስቤአለሁ። ይኸውም አንድ አብራሪ ከአንድ አገር የአየር ተቆጣጣሪ ተሰናብቶ ሌላውን ሲጠራ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ ወደ ተፈለገበት ጆሮ እንዲደርስ ያደረገውን ዕቃ ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ስለ ሆኑ፥ ከነታሪኩ ማስተዋወቅ ይገባኛል ብዬ ተነሥቻለሁ።

አስቀድሜ ቦታውን ላመልክት። የሽንፋ ወንዝ ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ሱዳን ሲገባ ራሃድ ይባላል፤ በመጨረሻም ከዓባይ ይቀላቀላል። በክረምት ሞልቶ ይፈስሳል፤ በበጋ ግን ውሃው እየተቆራረጠ በየቦታው ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ሽንፋ የተባለው ከተማና የመተማ ወረዳ ሰሊጥና ጥጥ የሚመረትበት፥ የዕጣን ዛፍ የሚበቅልበት፥ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ሜዳ ነው። ካርታ ዘርግቶ በማስመሪያ ለሚለካ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ይታየዋል። መተማ ከካርቱምም ሆነ ከአዲስ አበባ በቀጥታ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስለዚህ በሁለቱ ዋና ከተሞች መካከል ለሚበር ሰው ይህ ቆላ የመንገዱ ግማሽ ነው፤ ከሁለቱም የራቀበት ቦታ ነው ማለት ነው። ወሰኑም እዚያው ስለ ሆነ፥ አብራሪው የሚነጋገረውን ሰው መለወጥ የሚገባው ሁለቱም ከራቁት ከዚህ ቦታ ላይ ነው።

አብራሪው ለዚህ የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው። እፊቱ ያለውን አነስተኛ መዘውር በጣቱ ያዞርና አንድ ቍጥር ያወጣል። ከዚያ በኋላ የንግግሩን ቍልፍ ተጭኖ ይናገራል። ይህን ሲያዩ መዘውሩ በቤታችን ያለውን ራዲዮ ጣቢያ ለመፈለግ የምናዞረውን ይመስላል። ነገር ግን አሠራሩ ፈጽሞ የተለየ ነው። እኛ በቤታችን ስናዞር በጆሯችን እየሰማን ነው፤ ድምፁ ሲጠራ እናቆማለን። አብራሪው ግን የሚጠራው ሰው ገና አልተናገረም። በዝምታው ውስጥ፥ ማንም ሳይመራው፥ በትክክለኛው ቦታ ላይ መቆም አለበት።

ትክክለኛው ቦታ ስንል ምን ማለታችን ነው? የራዲዮ ሞገድ የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚደረገው የንዝረት ቍጥር ፍሪኩዌንሲ ይባላል። አባቶቻችን የራዲዮ ሠራተኞች ሜጋ ሳይክል ይሉት የነበረውን እኛ ሜጋኸርዝ እንለዋለን፤ አንድ ሜጋኸርዝ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ንዝረት ነው። አውሮፕላኖች ከምድር ጋር የሚነጋገሩበት ቪ ኤች ኤፍ የተባለው ክፍል ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ያለው ነው። እንግዲህ በ126.9 ሜጋኸርዝ የሚናገር ራዲዮ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 126 ሚሊዮን ከ900 ሺሕ ጊዜ መንዘር አለበት። ከሺሕ አንድ እጅ ቢሳሳት ስሕተቱ ወደ 127 ሺሕ ንዝረት ይሆናል፤ ጎን ለጎን ያሉት የንግግር መስመሮች የሚራራቁት በ25 ሺሕ ብቻ ስለ ሆነ አምስት መስመር አልፎ ሄደ ማለት ነው። በመሥሪያ ቤት የሚውሉ አንባብያን ነገሩን በቶሎ ይረዱታል። በመዝገብ ቤት ቍጥሩ ተሳስቶ የተቀመጠ ፋይል አልጠፋም፤ በመደርደሪያው ላይ አለ፤ ግን ለሚፈልገው ሰው ከጠፋው አይለይም። ከቦታው የሳተ ራዲዮም እንዲሁ ነው። አብራሪው እየተናገረ ነው፤ አንቴናው ኀይሉን እየለቀቀ ነው፤ የሚሰማው ግን የለም።

በአገራችን የራዲዮና የአውሮፕላን ታሪክ የጀመረው በአንድ ዘመን ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር፤ ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ ሥራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ ተሠራ፤ በ1928 ዓ.ም. የወረራው ደመና ባንዣበበ ጊዜ የኢትዮጵያ ድምፅ ወደ ውጭው ዓለም የተላከው በዚያ ጣቢያ ነው። ወደ ምዕራቡ ቆላ ስንመለስ ደግሞ፥ ራዲዮ በዚያ ወሰን ላይ ትልቅ ሥራ የሠራው በነሐሴ ወር 1932 ዓ.ም. ነው። ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመሩት፥ ሚሽን 101 የተባለው ጓድ፥ በጋላባት አቅራቢያ ወሰኑን ተሻግሮ በዚሁ ሙቀት ውስጥ ወደ ጎጃም ዘለቀ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩት አዛዥ ከበደ ተሰማም አብረው ነበሩ። ከስንቁና ከመሣሪያው ጋር በበቅሎ የተጫነው የራዲዮ ዕቃ ባይኖር ኖሮ፥ አርበኞቹ ያሉበት ሁኔታ በካርቱም የሚታወቀው መልክተኛ በእግሩ ሄዶ በተመለሰ ጊዜ ብቻ በሆነ ነበር። በኅዳር ወር 1933 ዓ.ም. ዊንጌት የተባለው መኰንን ከሱዳን በአውሮፕላን በርሮ ጎጃም ውስጥ ከሳንድፎርድ ጋር ተገናኘ። ጥር 12 ቀን ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከሽንፋ በስተደቡብ በምትገኘው በኦሜድላ የአገራቸውን ምድር ረገጡ። ስለ እነዚህ ቀኖች ብዙ ተጽፏል፤ በበቅሎው ጀርባ ላይ ስለ ነበረው ሣጥን የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ በእኔ አስተያየት ይህ ተገቢ አይደለም።

በዚያ ዘመን በነበሩት ብዙ ራዲዮኖች ንዝረቱን የሚያስገኘው የሽቦ ጥቅልና ኮንዴንሰር የሚባል ዕቃ ሲጣመሩ ነው። ይህ ጥምረት አንድ ጥሩ ጠባይና አንድ መጥፎ ጠባይ አለው። ጥሩው፥ መዘውሩን በማዞር ወደ ፈለጉበት ፍሪኩዌንሲ መውሰድ መቻሉ ነው። መጥፎው ደግሞ በአንድ ቦታ ጸንቶ አለመቆሙ ነው። ሽቦው በሙቀት ይለጠጣል፤ ንዝረቱም አብሮ ይንሸራተታል። ጧት በደጋው ብርድ የተስተካከለ ራዲዮ እኩለ ቀን ላይ በቆላው ሐሩር ሌላ ቦታ ቆሞ ይገኛል። ክራር የሚመታ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ክራር ከቅኝቱ ይወጣል። በምድር ላይ ያለ የራዲዮ ሠራተኛ ጊዜ ስላለው ራዲዮውን ደጋግሞ መቃኘት ይችላል። መሪ ጨብጦ ደመና የሚሰነጥቅ አብራሪ ግን ለዚህ የሚሆን እጅ የለውም።

ለዚህ መድኀኒት ሆኖ የተገኘው ደንጊያ ነው። ኳርትዝ የተባለው እንደ መስተዋት የጠራው ደንጊያ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1880 አገኙ። የዚህም ግልባጭ እውነት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ይንቀጠቀጣል። በ1921 ዋልተር ኬዲ የተባለው አሜሪካዊ ይህን መንቀጥቀጥ የራዲዮን ንዝረት እንዲገዛ አደረገው። በቀጭኑ ተፈልጦ የተሞረደ የኳርትዝ ገበታ፥ እኛ ክሪስታል የምንለው፥ የሚንቀጠቀጠው በውፍረቱ ልክ ነው፤ ሙቀትና ብርድ ቢፈራረቁበትም ከቦታው የሚያፈነግጠው እጅግ በጥቂቱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በሽንፋ ወንዝ ዳር ቁፋሮ ያደረጉ ሊቃውንት በ2016 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ ከ74 ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት፥ ቶባ የተባለው የሱማትራ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን፥ በዚያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ምናልባት የቀስት ጫፍ የሚሆኑ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘን ደንጊያዎች ይፈልጡ እንደ ነበር ገልጸዋል። የሰው ልጅ ደንጊያን በቀጭኑ እየፈለጠ ሩቅ ያለውን ነገር ለመድረስ መሞከሩ አዲስ አይደለም ማለት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን ራዲዮ የክሪስታል ራዲዮ ሆነ። ከታወቁት አንዱ ኤስ ሲ አር 522 የሚባለው የአሜሪካ ሠራዊት ራዲዮ ሲሆን አራት መስመር ነበረው፤ አብራሪው ከአራት ቍልፎች አንዱን ይጫናል፤ የቀረውን ክሪስታሉ ያደርገዋል። ክሪስታል እጅግ ፈጥኖ እንዲንቀጠቀጥ ከተፈለገ በጣም መሳሳት ስላለበት ይሰበራል። ስለዚህ በዝግታ የሚንቀጠቀጥ ክሪስታል ተወስዶ ንዝረቱ ይባዛል። በዚህ ራዲዮ የመላኪያው ክሪስታል ንዝረት በ18 ይባዛ ነበር። ዛሬ በዓለም ሁሉ የአደጋ ጊዜ መጥሪያ የሆነውን 121.5 ሜጋኸርዝ ለማግኘት 6.75 ሜጋኸርዝ የሆነ ክሪስታል ያስፈልጋል፤ እርሳስ አንሥቶ ማባዛት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፥ አውሮፕላኖቹ ከዚያው ጦርነት የተረፉት ሲ 47 የተባሉት ነበሩ። የአገራችን የሲቪል አቪዬሽን የተወለደው እንግዲህ በክሪስታሉ ዘመን ነው።

ክሪስታሉ ታማኝ ነው፤ ታማኝነቱ ግን ለአንድ ጌታ ብቻ ነው። አንድ ክሪስታል አንድ ፍሪኩዌንሲ ነው። ከአራት ጣቢያዎች ጋር ለመነጋገር አራት ደንጊያ፥ ከአርባ ጣቢያዎች ጋር ለመነጋገር አርባ ደንጊያ መያዝ ያስፈልጋል። አንድ ጣቢያ ፍሪኩዌንሲውን በለወጠ ጊዜ ደግሞ አዲስ ክሪስታል ተሠርቶ እስኪመጣ ድረስ አውሮፕላኑ ለዚያ ጣቢያ ዲዳ ነው። ይህን ስመለከት አንድ ነገር ይታየኛል። ክሪስታል የሚሞርደው ፋብሪካ ባሕር ማዶ ባለበት ዘመን፥ አንድ አብራሪ ከማን ጋር መነጋገር እንደሚችል የሚወሰነው ገና ከመነሣቱ በፊት፥ በሌላ አገር፥ በሌላ ሰው እጅ ነበር። በመንገድ ላይ ላገኘው እንግዳ ሰው፥ ክሪስታሉን ካልያዘ በስተቀር፥ ጤና ይስጥልኝ ማለት እንኳ አይችልም።

ነገሩ እየጠበበ የሄደው አውሮፕላኖች በበዙ መጠን ነው። የዓለም ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ከ118 እስከ 132 ሜጋኸርዝ ያለውን ክፍል በ200 ኪሎኸርዝ ርቀት ሲከፋፍለው 70 መስመር ተገኘ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ እስከ 136 ሰፍቶ ርቀቱ 100 ኪሎኸርዝ ሲሆን 180 መስመር ሆነ፤ በ1964 ወደ 50 ዝቅ ሲል 360፤ በ1972 ወደ 25 ዝቅ ሲል 720። በአገራችንም ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች የመጡት በዚህ መካከል፥ በ1955 ዓ.ም. ነው። 720 መስመር ላለው ራዲዮ ለመላኪያ 720፥ ለመቀበያ 720 ክሪስታል ይደርደር ቢባል ሣጥኑን ተሸክሞ የሚነሣ አውሮፕላን ሊገኝ ይችላል፤ ዋጋውን የሚከፍል ግን አይገኝም።

የመጀመሪያው ብልሃት መደመር ነበር። ሁለት ንዝረቶች በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲቀላቀሉ ድምራቸውና ልዩነታቸው ይወጣል። ስለዚህ አንደኛው ቡድን 18 ክሪስታል ኖሮት ከ118 እስከ 135 ያለውን ሙሉውን ሜጋኸርዝ ቢያወጣ፥ ሁለተኛው ቡድን ደግሞ 20 ክሪስታል ኖሮት በመካከሉ ያሉትን የ50 ኪሎኸርዝ ደረጃዎች ቢያወጣ፥ 18 በ20 ሲባዛ 360 ነው። በ38 ደንጊያ 360 መስመር ተገኘ ማለት ነው። ፍሪኩዌንሲ ሲንተሳይዘር የሚለው ስም ለአሠራሩ ተገቢ ሆነ፤ ሲንተሳይዘር ማለት አቀናባሪ፥ ከጥቂት ነገር ብዙ ነገር አዋሕዶ የሚያወጣ ማለት ነው። ይሁን እንጂ መቀላቀል የራሱ ጣጣ አለው። ከተፈለገው ድምር ጋር ብዙ ያልተፈለጉ ድምሮችና ልዩነቶች አብረው ይወለዳሉ፤ እነርሱን አንድ በአንድ የሚያግድ ማጣሪያ መሥራት የመሐንዲሱን ዕድሜ ይፈጃል። ሣጥኑም ከባድና ውድ ነበር።

ሁለተኛው ብልሃት ግን፥ እስከ ዛሬ ድረስ የሚሠራበት፥ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ሥሩን ስንፈልገው በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ዓንሪ ደ ቤልሲዝ የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ በጻፈው ጽሑፍ እናገኘዋለን። እርሱ ያሰበው ስለ መቀበያ ራዲዮ ነበር። አሳቡ ለአውሮፕላን ራዲዮ ሲንተሳይዘር የተመቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ ትራንዚስተርና በትንሽ ሰሌዳ ላይ የተሰበሰበ የቍጥር ሰርኪዩት ከተገኘ ወዲህ ነው። እንግሊዞች ፌዝ ሎክድ ሉፕ ይሉታል፤ እኔ ግን የቀንበሩ ዘዴ ብዬ ብጠራው እወዳለሁ፤ ምክንያቱን ወዲያው ታዩታላችሁ።

በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎችን አስቡ። አንዱ ያረጀ፥ የተገራ፥ እርምጃው የማይዛነፍ በሬ ነው። ሁለተኛው ጕልበት የሞላው ግን ያልተገራ ወይፈን ነው። ወይፈኑ ቀድሞ ሲሄድ ቀንበሩ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ወደ ኋላ ሲቀር ወደ ሌላው ወገን ያጋድላል። ገበሬው በሬዎቹን ሳይሆን የቀንበሩን ማጋደል አይቶ ወይፈኑን ይይዘዋል ወይም ያጣድፈዋል። ቀንበሩ የተቃና እንደ ሆነ ሁለቱ እኩል እየሄዱ ነው። ሰርኪዩቱም ይኸው ነው። የተገራው በሬ ኳርትዙ ነው። ወይፈኑ ከላይ የነቀፍነው የጥቅልና የኮንዴንሰር አንዛሪ ነው፤ አሁን ግን ቮልት በመጨመርና በመቀነስ የሚታዘዝ ቫራክተር የተባለ ዕቃ ተገጥሞለታል። ቀንበሩ ሁለቱን ንዝረቶች የሚያነጻጽረው ዕቃ ነው፤ ማጋደሉን በቮልት ይናገራል። ገበሬው ደግሞ ማጣሪያው ነው። ብልህ ገበሬ ለእያንዳንዱ እርምጃ ጅራፍ አያነሣም፤ እንዲያ ቢያደርግ ትልሙ ሁሉ ይጣመማል። ትንሽ ታግሦ፥ አዝማሚያውን አይቶ ነው የሚያርመው። ማጣሪያውም የቮልቱን መዋዠቅ አስክኖ ወደ ወይፈኑ ይልከዋል።

እስከዚህ ያለው ወይፈኑን ከአሮጌው በሬ ጋር እኩል ያስኬደዋል እንጂ 720 መስመር አይሰጥም። ምሥጢሩ ያለው ከፋፋይ በሚባለው በቍጥር ሰርኪዩት ላይ ነው። ከፋፋዩ በወይፈኑና በቀንበሩ መካከል ተቀምጦ ይቆጥራል። የወይፈኑን ንዝረት እስከ ታዘዘው ቍጥር ድረስ ቆጥሮ አንድ ምልክት ይሰጣል፤ እንደ ገና ከአንድ ይጀምራል። ምሳሌ እንውሰድ። ኳርትዙ 3.2 ሜጋኸርዝ ይሁን። ለ128 ሲካፈል 25 ኪሎኸርዝ ይሆናል፤ ይህ የአሮጌው በሬ እርምጃ ነው፤ በሴኮንድ 25 ሺሕ ጊዜ ይራመዳል። አብራሪው 126.9 ብሎ መዘውሩን ሲያቆም ከፋፋዩ፥ እስከ 5,076 ቍጠር፥ የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ወይፈኑ 5,076 ጊዜ ሲነዝር ለቀንበሩ እንደ አንድ እርምጃ ይታያል። ቀንበሩ የሚቃናውም ወይፈኑ በትክክል 5,076 ጊዜ 25 ሺሕ ሲነዝር ብቻ ነው፤ ያም 126 ሚሊዮን 900 ሺሕ ነው። አብራሪው ወደ 121.5 ሲያዞር የሚለወጠው ትእዛዙ ነው፤ አሁን እስከ 4,860 ይቈጠራል። በጥቂት ሺሕኛ ሴኮንድ ውስጥ ወይፈኑ አዲሱን ቦታ ይይዛል። አዲስ ደንጊያ አልተጨመረም፤ የተለወጠው ቍጥር ብቻ ነው።

አንድ ራዲዮ የሚሰማበትና የሚናገርበት አንዛሪ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ለመስማት ግን አንዛሪው ከጣቢያው ፍሪኩዌንሲ በተወሰነ መጠን ርቆ መቆም አለበት። በአንዳንድ ራዲዮ መጠኑ 10.7 ሜጋኸርዝ ነው፤ መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ ይሉታል። በ126.9 የሚያዳምጥ አብራሪ ራዲዮ ውስጥ አንዛሪው የሚነዝረው በ137.6 ነው፤ ከፋፋዩም እስከ 5,504 ይቈጥራል። የንግግሩን ቍልፍ ሲጫን ቍጥሩ ወደ 5,076 ይወርዳል፤ ሲለቅ ተመልሶ ይወጣል። ቀንበሩ እስኪቃና ድረስ ግን መላኪያው ዝም እንዲል የሚያደርግ ጠባቂ በብዙ ራዲዮኖች ውስጥ አለ። ለምን ቢባል፥ ያልተገራ ወይፈን እየተወራጨ ቢናገር የሌሎችን መስመር ሁሉ እየረገጠ ይሄዳልና። አብራሪው ጥቂት ቢዘገይ ይሻላል ተብሎ የተወሰነ ነው፤ እኔም ትክክል ነው እላለሁ።

ይህን ሁሉ ካመሰገንን በኋላ ነቀፋውንም መናገር ይገባል። በድሮው ራዲዮ አንድ ክሪስታል ቢሰበር የሚጠፋው አንድ መስመር ነው። በአዲሱ ግን ሁሉም መስመር የተንጠለጠለው በአንድ ኳርትዝ ላይ ነው፤ እርሱ ቢያፈነግጥ ሁሉም በአንድነት ያፈነግጣሉ፤ ቢሞት ሁሉም ይሞታሉ። ስሕተቱ ከሚሊዮን አምስት ብቻ ይሁን ብንል እንኳ በ126.9 ሜጋኸርዝ ላይ 634 ያህል ንዝረት ይሆናል፤ ይህን መስመሩ ይችለዋል። ሙቀት በለወጠው መጠን ራሱን የሚያርም ኳርትዝ የሚሠራውም ስለዚህ ነው። ትላልቆቹ አውሮፕላኖች ሁለትና ሦስት ራዲዮ የሚይዙትም እንዲሁ ነው። በሌላ በኩል መስመሮቹን ይበልጥ ማቀራረብ በተፈለገ ጊዜ የአሮጌው በሬ እርምጃ ይዘገያል፤ ቀንበሩን ለማቃናትም ጊዜ ይወስዳል። በኤውሮፓ ከ1999 ጀምሮ 25 ኪሎኸርዙ ለሦስት ተከፍሎ 8.33 ሲሆን መሐንዲሶቹ ከዚህ ችግር ጋር እንደ ገና መታገል ግድ ሆኖባቸዋል።

እንግዲህ ወደ ሽንፋ ሰማይ እንመለስ። የቪ ኤች ኤፍ ሞገድ እንደ ብርሃን በቀጥታ የሚሄድ ስለ ሆነ ምድር ከጋረደው አይደርስም። በሜዳ አገር 10,000 ሜትር ከፍ ብሎ የሚበር አውሮፕላን እስከ 410 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰማል፤ በ3,000 ሜትር የሚበር ደግሞ እስከ 225 ገደማ። በመተማ ላይ ያለ አብራሪ ከሁለቱም ከተሞች 500 ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ አስቀድመን አይተናል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የጭልጋና የጎንደር ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በከፍታ ቦታ ላይ የሚተከሉ ማስተላለፊያዎች ይህን ጕድለት ይሞላሉ፤ ማስተላለፊያ በሌለበት ግን አብራሪው ወደ አጭር ሞገድ፥ ኤች ኤፍ ወደሚባለው መዞር አለበት። ይህ ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ ከአየሩ የላይኛው ክፍል ተመልሶ ስለሚወርድ ተራራ አያግደውም። ሲንተሳይዘር ከሁሉ ይበልጥ ግድ የሆነውም በዚህ ላይ ነው። ከ2 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው ክፍል በ1 ኪሎኸርዝ እርምጃ ቢከፈል 28,000 መስመር ይሆናል፤ ለዚህ ሁሉ ክሪስታል መሞረድ የሚታሰብ አይደለም። ከዚህም ሌላ፥ ዛሬ በዚህ ሞገድ የሚላከው ንግግር ግማሽ ጎኑ ብቻ ስለ ሆነ፥ ፍሪኩዌንሲው በጥቂት መቶ ንዝረት ቢዛነፍ ድምፁ የሰው ድምፅ መሆኑ ይቀርና እንደ ዳክዬ ጩኸት ይሆናል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ የሱዳን ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘጋ። በምድር ላይ በመተማ በኩል ብዙ ሺሕ ስደተኞች ወደ አገራችን ገቡ፤ በአየር ላይ ደግሞ በዚያ ያልፉ የነበሩት አውሮፕላኖች ወሰኑን እየሸሹ ዙሪያውን መብረር ያዙ። በአፍሪካ ሰማይ ላይ የምድር ተቆጣጣሪ በማይሰማበት ወይም በደካማው በሚሰማበት ቦታ አብራሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ ልማድ አለ። 126.9 ሜጋኸርዝ ላይ ሆነው ማንንም ሳይጠሩ ስማቸውን፥ ከፍታቸውንና አቅጣጫቸውን ይናገራሉ፤ በአካባቢው ያለ ሌላ አብራሪ ሰምቶ ራሱን እንዲጠብቅ ነው። ከላይ በምሳሌነት ይህን ቍጥር ደጋግሜ ያነሣሁት ስለዚህ ነው። የሚሰማው ሰው የየትኛው አገር ሰው እንደ ሆነ፥ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ተናጋሪው አያውቅም። የሚያውቀው ያ ሰው በየትኛውም ፋብሪካ የተሠራ ራዲዮ ይኑረው፥ መዘውሩን 126.9 ላይ ካቆመ፥ በሁለቱም ሣጥን ውስጥ ያሉት አንዛሪዎች በአንድ ቦታ ቆመው እንደሚገናኙ ነው።